ሁለቱ የሰመመን ሐኪሞች ለምን ተመለሱ? የሳን ክዌንቲን የ2006 ጉዳይ

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2006 ሌሊት በካሊፎርኒያው የሳን ክዌንቲን ማረሚያ ቤት አንድን ሰው በሞት ለመቅጣት ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ነበር (ቀናቱን በሙሉ የምጽፈው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው)። ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ተብሎ ተቆርጧል። ምስክሮቹ ተጠርተዋል፤ ከ25 ዓመት በፊት ልጃቸውን የተነጠቁት ቤተሰቦችም መጥተዋል። ማንነታቸው እንዳይገለጥ ፍርድ ቤት የፈቀደላቸው ሁለት የሰመመን ሐኪሞች ግን፣ ከቀናት በፊት እሺ ያሉትን ሥራ በዚያች ሌሊት አንሠራም አሉ። የተጠየቁት ጣልቃ ገብነት ከሙያቸው ሥነ ምግባር ጋር እንደሚጋጭ በጽሑፍ አሳውቀው ራሳቸውን አገለሉ። ቅጣቱ ሳይፈጸም ቀረ። ካሊፎርኒያም ከዚያ ወዲህ በማንም ላይ የሞት ቅጣት አልፈጸመችም።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ ለምን እሺ አሉ? በመጨረሻው ሰዓትስ ምን አይተው ተመለሱ? ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሬ የምተርከው ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ስል ነው።

ፍርደኛው ሚካኤል ሞራሌስ ይባላል። በ1981 ሎዳይ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ አካባቢ የ17 ዓመት ልጃገረድን በመዶሻ ደብድቦ፣ ደፍሮና በቢላ ወግቶ በወይን እርሻ ውስጥ ጥሏት ሄደ። ግድያውን ያቀደው የአክስቱ ወይም የአጎቱ ልጅ የዕድሜ ልክ እስራት ሲፈረድበት፣ ሞራሌስ በ1983 ሞት ተፈረደበት። ወንጀሉን በግልጽ የምጽፈው የሐኪሞቹ አቋም የሚፈተነው እንዲህ ባለ፣ ማንም በቀላሉ በማያዝንለት ሰው ስለሆነ ነው። አንድ ነገር ግን መጨመር ይገባል። ሞት የፈረዱበት ዳኛ ቻርልስ ማክግራዝ ራሳቸው፣ በ2006 መጀመሪያ ለገዥው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ምሕረት እንዲደረግለት ጽፈዋል። ለሞት ፍርዱ ክብደት ከሰጡት ምስክሮች አንዱ አብሮት የታሰረ ጠቋሚ ነበር፤ ሞራሌስ በስፓኒሽ ሁሉን ነገረኝ ብሎ መሰከረ። በኋላ ሲጣራ ሞራሌስ ስፓኒሽ አይችልም። ገዥው ምሕረቱን ከለከሉ።

ሐኪም ወደዚህ ነገር የተሳበው በሦስት መድኃኒቶች ምክንያት ነው። በመርፌ መግደልን በ1977 በሕግ ያወጣችው ኦክላሆማ ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈጸመው ደግሞ በ1982 በቴክሳስ ነው። የካሊፎርኒያ አሠራርም ከዚያው የተቀዳ ነበር። በቅድሚያ 5 ግራም ሶዲየም ቲዮፔንታል ይሰጣል፤ ሰውን ለቀዶ ሕክምና ለማስተኛት ከሚበቃው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ቀጥሎ የመተንፈሻውን ጨምሮ ጡንቻን ሁሉ የሚያሽመደምደው ፓንኩሮኒየም ይገባል። መጨረሻ ላይ ፖታሲየም ክሎራይድ ልብን ያቆማል።

ችግሩ መሐል ላይ ያለው መድኃኒት ነው። ፓንኩሮኒየም አካልን ያስራል እንጂ አእምሮን አያስተኛም። ቲዮፔንታሉ በትክክል ካልተበጠበጠ፣ ወይም መርፌው ከደም ሥር ወጥቶ መድኃኒቱ ሥጋ ውስጥ ከፈሰሰ፣ ሰውየው እየነቃ ትንፋሹ ይታፈናል። ፖታሲየሙም በደም ሥሩ ሲያልፍ ያቃጥለዋል። ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ስለማይችል ከመስታወቱ ማዶ የቆመው ምስክር የሚያየው ተኝቶ ያለፈ ሰው ነው። ለመግደል ቲዮፔንታሉ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ፓንኩሮኒየም ከማንም በላይ የጠቀመው ተመልካቹን ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ እንዲያው በንድፈ ሐሳብ የቀረ ስጋት አልነበረም። በሳን ሆዜ የተቀመጡት የፌዴራል ዳኛ ጀረሚ ፎግል የቀደሙትን የቅጣት መዝገቦች አገላበጡ። ያን ያህል ቲዮፔንታል የወሰደ ሰው በአንድ ደቂቃ ገደማ መተንፈስ ማቆም ነበረበት። በስድስት ሰዎች መዝገብ ላይ ግን ትንፋሻቸው በሚጠበቀው ጊዜ አልቆመም። እነዚያ ሰዎች በምን ሁኔታ እንደሞቱ ከእንግዲህ የሚናገር የለም። ዳኛው ፌብሩዋሪ 14 ቀን ለማረሚያ ቤቱ ሁለት አማራጭ ሰጡ፦ ወይ በቲዮፔንታል ዓይነት ማስተኛ ብቻ ቅጣቱን ፈጽሙ፣ ወይ ደግሞ በሰመመን ሕክምና የሠለጠነ ሰው በክፍሉ ውስጥ ቆሞ ሞራሌስ ራሱን መሳቱን ያረጋግጥ፣ ሁለቱ ቀሪ መድኃኒቶች ከዚያ በኋላ ይሰጡ። ማረሚያ ቤቱ ሁለተኛውን መረጠ።

የሙያ ማኅበራቱ ወዲያው ተቃወሙ። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ሐኪም በሞት ቅጣት አፈጻጸም እንዳይሳተፍ የሚለውን አቋም ከ1980 ጀምሮ ይዞ የቆየ ነው፤ የአሜሪካ ነርሶች ማኅበርም ከ1983 ጀምሮ እንዲሁ። የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ኦሪን ጊድሪ ከወራት በኋላ ለአባሎቻቸው ሲጽፉ፣ በመርፌ መግደል የሰመመን ሐኪሞች ሐሳብ እንዳልነበረ፣ የሕግ ሥርዓቱ ራሱ ገብቶ የተቀረቀረበትን ማጥ ማውጣትም የእነሱ ግዴታ እንዳልሆነ ገልጸዋል። ያም ሆኖ ማረሚያ ቤቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለት ፈቃደኞች አገኘ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ምን ብለው እሺ እንዳሉ መገመት አይከብድም። መርፌ አይተክሉም፣ መድኃኒት አይበጠብጡም፣ ሲሪንጅ አይገፉም። ቆመው ያያሉ፤ ሰውየው ተኝቷል ወይም አልተኛም ይላሉ። ሥቃይ እንዳይኖር ዘብ መቆም ለሐኪም የማይመጥን ሥራ አይመስልም። ነገሩን በዚህ መልክ ያቀረበ ሰው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ሞራሌስ ይግባኝ ሲል ዘጠነኛው የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ትእዛዙን አጸናው፤ ነገር ግን ማብራሪያ ጨመረበት። ሞራሌስ ቢነቃ ወይም የሥቃይ ምልክት ቢታይበት፣ ሐኪሞቹ ብቻቸውን ወይም ከመርፌ ሰጪዎቹ ጋር ሆነው ወዲያውኑ መልሰው የማስተኛት ወይም ሥቃዩን የማስታገሥ ሥልጣን ይኖራቸዋል አለ። ለዳኞቹ ይህ የሰብአዊነት ጥበቃ ነበር፤ ሐኪሞቹን ግን ይህቺ ዐረፍተ ነገር አስወጣቻቸው።

ሰዎቹ በጥቃቅን ነገር አኩርፈው የወጡ የሚመስለው አለ። እኔ የይግባኙ ፍርድ ቤት አዲስ ነገር አልጨመረም ባይ ነኝ። በፊቱም በትእዛዙ ውስጥ የተደበቀውን በግልጽ ጻፈው እንጂ። የሰመመን ሐኪም በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በሽተኛው አልተኛም ብሎ ሲናገር የሚከተሉ መንገዶች አሉ። ቀዶው ይዘገያል፣ ይቆማል፣ አስፈላጊ ከሆነ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። በሳን ክዌንቲኑ ክፍል ግን አልተኛም የሚለው ቃል አንድ ውጤት ብቻ ነው ያለው፦ ተጨማሪ መድኃኒት። ተኝቷል የሚለውም እንዲሁ፤ ፓንኩሮኒየሙን ልቀቁ ማለት ነው። እዚያ ቆሞ የሚያይ ሐኪም የሚቀጥለውን መርፌ የሚያዝዝ ሐኪም ነው፤ እጁ ሲሪንጁን ባይነካም እጁ አለበት።

ከአንድ ወር በፊት በዚያው ማረሚያ ቤት የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ጃንዋሪ 17 ቀን 2006 ክላረንስ ሬይ አለን የተባለ የ76 ዓመት ሰው ሲገደል ልቡ አልቆም ብሎ ሁለተኛ የፖታሲየም መጠን ተሰጥቶታል። ልቡ አሁንም ይመታል ብሎ የተናገረ ሰው ለዚያ ተጨማሪ መርፌ ምክንያት ሆኗል ማለት ነው። የሕክምና ማኅበሩ ደንብ ሐኪም በቦታው ሞተ ብሎ እንዳያውጅ የሚከለክለው ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ሞቱን ካወጀ በኋላ ማረጋገጫ መፈረምን ይፈቅዳል፤ ከዚያ በፊት ግን የልብ ምትን በመሣሪያ መከታተልን ሳይቀር ይከለክላል። መጀመሪያ ሳነበው የጠበቃ ብልጠት መስሎኝ ነበር። የአለንን መጨረሻ ከጎኑ ሳስቀምጠው ግን ደንቡን የጻፉት ሰዎች ነገሩን በደንብ አስበውበታል።

ሐኪሞቹ ከወጡ በኋላ ያለው ቀን ብዙም አይወራለትም፤ ለነርሶች ጉዳይ ግን ዋናው ቀን እሱ ነው። ማረሚያ ቤቱ ወደ መጀመሪያው አማራጭ ተመለሰና በማስተኛው መድኃኒት ብቻ፣ በዚያው ማክሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እፈጽማለሁ አለ። ዳኛ ፎግል ፈቀዱ፤ ሆኖም መድኃኒቱን የሚሰጠው በደም ሥር መርፌ ለመስጠት የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ይሁን፣ የሚሰጠውም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በቀጥታ ይሁን አሉ። እዚህ ላይ ሐኪም መሆን ግድ አይደለም። ፈቃድ ያላት አንዲት ነርስ ትበቃለች።

የዚያን ክፍል አሠራር ያወቀ ሰው የትእዛዙ ክብደት ይገባዋል። ክፍሉ በ1938 ለመርዝ ጋዝ ተብሎ የተሠራ ጠባብ ክፍል ነው። ፍርደኛው ከአልጋው ጋር በጠፍር ይታሰራል፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ይተከልለታል፣ ከዚያ ሁሉም ወጥተው በሩ ይዘጋል። ከካኑላው የሚነሣው ረጅም ቱቦ በግድግዳው አልፎ ወደሚቀጥለው ክፍል ይገባል፤ ሲሪንጁ የሚገፋው እዚያ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ ፍርደኛው በማያያቸው ሰዎች ነው። ዳኛው ያንን ግድግዳ አስወገዱት። ከሰውየው አጠገብ ቆመሽ፣ ፊቱን እያየሽ፣ ፈቃድሽን ይዘሽ ስጪው እንደማለት ነው። ማረሚያ ቤቱ ይህን ማሟላት አልችልም ብሎ ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ቅጣቱን ሰረዘ። የአፈጻጸም ትእዛዙ እኩለ ሌሊት ላይ ጊዜው አለፈ። የሟች ቤተሰቦች ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ያ ሁለት ቀን ለእነሱ ምን እንደነበረ ስለ ሕክምና ሥነ ምግባር የምንጽፍ ሰዎች ልናልፈው አይገባም።

ስለ ሞት ቅጣትና ሕክምና በሚደረገው ክርክር ነርሷ ብዙ ጊዜ የሐኪሙ ጥላ ሆና ትቀራለች። በዕውን ግን መርፌውን የምትተክለው፣ የሰውየውን ክንድ ይዛ የደም ሥር የምትፈልገው እሷ ናት። በዲሴምበር 2005 በዚያው ክፍል ስታንሊ ዊሊያምስ ሲገደል አንዷ ባለሙያ የደም ሥር ፍለጋ ከአሥር ደቂቃ በላይ ታግላለች፤ ለመጠባበቂያ የሚሆነው ሁለተኛው መስመር በትክክል ሳይሠራ ቅጣቱ ቀጠለ። ማረሚያ ቤት ውስጥ የምትሠራ ነርስ ያንኑ ሰው በሌላው ቀን የደም ግፊቱን የምትለካለት፣ የስኳር መድኃኒቱን የምትሰጠው ልትሆን ትችላለች። ሐኪሙ ከውጭ መጥቶ እንቢ ብሎ ይሄዳል። እሷ ግን ነገ ጠዋት እዚያው ሥራ ገብታ ከዚያው አለቃ ፊት ትቆማለች። የካሊፎርኒያ ሕግ ሐኪም በቅጣቱ ላይ እንዲገኝ እንደማይገደድ ይደነግጋል፤ የወር ደመወዝተኛ የሆነ ሰው እንቢታ ግን በሕግ አንቀጽ ብቻ አይጸናም፤ ከኋላው የሚቆም ማኅበር ያስፈልገዋል።

በሴፕቴምበር 2006 ፎግል አራት ቀን ምስክር ሰሙ፤ ክፍሉንም ሄደው አዩ። ዲሴምበር 15 ቀን በሰጡት ውሳኔ የካሊፎርኒያ አፈጻጸም ተሰብሯል፣ ሊጠገን ግን ይችላል አሉ። የዘረዘሩት ያስደነግጣል። ከቡድኑ መሪዎች አንዱ ቀደም ሲል አደንዛዥ ዕፅ ወደ ማረሚያ ቤቱ በማስገባት የተቀጣ ነበር። ሌላው አባል ከከባድ ድንጋጤ በኋላ በሚመጣ የአእምሮ ሕመም ይታመም ነበር። ቲዮፔንታሉ በትክክል አይበጠበጥም፣ ሥልጠናው ለስሙ ነው፣ መዝገቡ የተምታታ ነው፣ ክፍሉ ጠባብና ጨለማ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ በፍሎሪዳ አንኸል ዲያስ የተባለ ፍርደኛ መርፌው የደም ሥሩን በስቶ አልፎ 34 ደቂቃ ፈጅቶ ሞቶ ነበር፤ ፎግል ውሳኔያቸውን በሰጡበት ዕለት የፍሎሪዳው ገዥ ጄብ ቡሽ በግዛታቸው ቅጣቱን አገዱ።

ይህን ያነበበ ሰው እንግዲያውስ ሐኪም ይግባ ቢል አልፈርድበትም። ሰውየው መሞቱ ላይቀር ካልሠለጠነ እጅ የሠለጠነ እጅ ይሻለዋል የሚለው ክርክር ቅን ክርክር ነው። በጆርጂያ ግዛት በዚህ ሥራ የተሳተፈ አንድ ሐኪም፣ የሚሞትበት ምክንያት በሽታ ሳይሆን ፍርድ በመሆኑ ብቻ ሰውን በመጨረሻው ሰዓት ጥሎ መሄድ ስሕተት ነው ብሎ ተከራክሯል። ይህን ሐሳብ ከልቤ አስቤበታለሁ፤ አልቀበለውም። በካንሰር የሚሞት ሰው ሞርፊኑን አልፈልግም ሊል ይችላል፣ ቤቴ ውሰዱኝ ይላል፣ ሐኪም ይቀይራል። ሐኪሙም የሚታዘዘው ለእሱ ነው። በጠፍር የታሰረው ሰው እንቢ ቢል ግን መርፌው አይቆምም፤ ሐኪሙን የጠራው ማረሚያ ቤቱ ነውና። የሕክምና ማኅበሩ ደንብ መሥመሩን ያሰመረው እዚሁ ላይ ነው፦ ፍርደኛው ቅጣቱን ሲጠባበቅ በራሱ ጥያቄ ማረጋጊያ መድኃኒት ቢሰጠው የተፈቀደ ነው፤ ጠያቂው እሱ ስለሆነ።

ደግሞስ ሐኪም መገኘቱ ያን ያህል ዋስትና ነው? በዚያው ዓመት በሚዙሪ ግዛት በርካታ የሞት ቅጣቶችን የመራ አንድ ቀዶ ሐኪም ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ 5 ግራም መሆን ያለበትን ቲዮፔንታል ወደ 2.5 ዝቅ አድርጎ ይሰጥ እንደነበርና ቁጥሮች የሚያምታታ የማንበብ ችግር እንዳለበት ተናግሯል። ዳኛው በምትኩ የሰመመን ሐኪም እንዲቀጠር አዘዙ። ግዛቱ ወደ 300 ለሚጠጉ የሰመመን ሐኪሞች ደብዳቤ ጻፈ፤ እሺ ያለ አልተገኘም። ማንነቱ ተሸሽጎ፣ ከሆስፒታል ቁጥጥር ውጭ፣ ባልደረባ በማያየው ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሐኪም ሐኪም የሚያሰኘው አብዛኛው ነገር ውጭ ቀርቶበታል።

ከዚያ በኋላ ሕጉና ሙያው በየፊናቸው ሄዱ። በ2008 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኬንታኪ ግዛትን የሦስት መድኃኒት አሠራር በ7 ለ2 ድምፅ ሲያጸድቅ፣ ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ የሐኪሞች፣ የነርሶችና የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበራት ተሳትፎን ስለሚከለክሉ፣ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ይገኝ ብሎ ማስገደድ ቅጣቱን እንደ ማስቀረት ይሆናል የሚል ሐሳብ ጽፈዋል። የሙያው እምቢታ፣ ባለሙያ የሌለበትን አሠራር መፍቀጃ ምክንያት ሆነ ማለት ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በሰሜን ካሮላይና የሕክምና ቦርዱ በ2007 ተሳታፊ ሐኪሞችን እቀጣለሁ ቢል፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 ሥልጣን የለህም አለው። በ2010 ግን የአሜሪካ የሰመመን ሕክምና ቦርድ በመርፌ ግድያ የተሳተፈ አባል የስፔሻሊስትነት ማረጋገጫውን ሊነጠቅ እንደሚችል ወሰነ። የመንግሥት ፈቃድ ባይነካም፣ ያለዚያ ማረጋገጫ ብዙ ሆስፒታል በሩን አይከፍትም። በካሊፎርኒያ ገዥው ጋቪን ኒውሰም በማርች 2019 ቅጣቱን ሲያግዱ 737 ሰዎች ሞት ተፈርዶባቸው ይጠባበቁ ነበር።

ለእኛ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ በነርስነት የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ማረሚያ ቤትም ከሌሎቹ ቀጣሪዎች አንዱ ነው። በአገር ቤትም የሞት ቅጣት በ2004 በወጣው የወንጀል ሕግ ውስጥ አለ፤ በይፋ የታወቀው የመጨረሻ አፈጻጸም የ2007ቱ ነው። የዚያው ሕግ አንቀጽ 119 በጽኑ በታመመ ሰው፣ በአእምሮው ኃላፊነት በሌለበት ሰውና በነፍሰ ጡር ላይ ቅጣቱ በዚያ ሁኔታ ላይ እስካሉ ድረስ እንዳይፈጸም ያዝዛል። ሕመሙ ለቀቀው፣ አእምሮው ተመለሰ ብሎ የሚጽፈው እንግዲህ ባለሙያ ነው። የአሜሪካው ደንብ በዚህ ነጥብ ላይ ግልጽ ነው፦ ቅጣቱ አስቀድሞ ካልተለወጠለት በቀር ፍርደኛን ለመገደል ብቁ እንዲሆን ተብሎ ማከም አይፈቀድም፤ ከከባድ ሥቃይ ለማሳረፍ ግን ማከም ይቻላል። የእኛዎቹ የሐኪሞችና የነርሶች ማኅበራት ይህን በራሳቸው ቃል ጽፈው፣ የቅጣት ቀን ከመቆረጡ በፊት፣ በማረሚያ ቤት ክሊኒኮች ለሚሠሩ አባሎቻቸው ቢያደርሱ ደስ ይለኛል። ሁለቱ የካሊፎርኒያ ሐኪሞች ቅጣቱ ሊፈጸም ሰዓታት ሲቀሩት ብቻቸውን የወሰኑትን፣ አንዲት የማረሚያ ቤት ነርስ ደንቡን በእጇ ይዛ አስቀድማ ልትወስነው ትችል ነበር።